አስቸኳይ፦ ተሳቢው ከፒካፑ ኳስ ላይ ዘሎ ወጣብኝ፣ ነገ ሐይቅ ከተማ መድረስ አለብኝ

መውቂያ_ኮምቦልቻ፦
ሰላም ቤተሰብ። የጤፍ መውቂያ ማሽን ከሐርቡ እየጎተትኩ ስመጣ ኮምቦልቻ ልገባ ስል ጉድጓድ ነካሁና ተሳቢው ከኳሱ (ፒካፑ ኋላ ካለው ክብ የመጎተቻ ብረት) ላይ ዘሎ ወጣ፣ ሰንሰለቱ ባይይዘው ሰው ላይ ነበር የሚወጣው። መልሼ አስገብቼዋለሁ ግን ስነቀንቀው ቋ ቋ ይላል። ሐይቅ ገበሬዎቹ ነዶውን ከምረው እየጠበቁኝ ነው። ምን ልግዛ ወይስ ላስበይደው? ቶሎ በሉኝ

የደሴ_ሹፌር፦
ቆይ እንጂ መኪናው ምንድነው? ተሳቢውስ ባለስንት ጎማ ነው? ይሄን ሳትነግረን ምን እንበልህ

መውቂያ_ኮምቦልቻ፦
የድሮው ሃይሉክስ ነው፣ ተሳቢው ባለሁለት ጎማ። ኪሎውን አላውቅም

አያ_ከድር፦
አብሽር ወንድሜ ይሄ ቀላል ነው። ኳሱንና መያዣውን (ኳሱ ላይ የሚገጥመውን የተሳቢውን ጫፍ) ነጥብ ነጥብ አድርገህ አስበይደው፣ ሐይቅ ስትደርስ በፍሌክስ ታስቆርጠዋለህ

ጋራዥ_ቦርከና፦
ኧረ በአላህ አያ ከድር! ኳስ የተባለው እኮ እንዲዞር ነው። ከተበየደ የደሴ ኩርባ ላይ ሲታጠፍ ወይ ብየዳው ይሰነጠቃል ወይ የተሳቢው አንገት ይጣመማል። ደግሞ ጠንካራ ብረት በብየዳ ሲግል ጥንካሬውን ያጣል። አንተ መውቂያ፣ ኳሱን በጨርቅ ጥረግና አናቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ንገረኝ፣ የመያዣውንም ላዩ ላይ ፈልግ

ሙሉ_ወሎ፦
ቆይ መጎተቱን ማን አዘዘህ? አይሱዙ ላይ ጭነህ ላከው በቃ

መውቂያ_ኮምቦልቻ፦
ኮምቦልቻ ላይ ክሬን ቢገኝ እንኳን ማሳ ላይ በምን ላውርደው? ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላውም እኮ መጎተቱ አይቀርም። @ጋራዥ_ቦርከና ኳሱ ላይ 1 7/8 ይላል፣ መያዣው ላይ 2

ጋራዥ_ቦርከና፦
በቃ ችግሩ ይሄው ነው! ኢንች ነው። ኳስህ 47.6 ሚሊ ነው፣ መያዣው የተሰራው ለ50.8። 3 ሚሊ ክፍተት ይዘህ ነው የመጣኸው፣ ቋ ቋ የሚለው እሱ ነው። ባለ 2 ኢንች ኳስ ግዛ። ስትገዛ ሁለት ነገር እይ፣ አንደኛ የሚችለው ክብደት እዛው ኳሱ ላይ ተቀርጿል፣ ያልተጻፈበትን አትግዛ። ሁለተኛ የኳሱ እግር (ከስሩ ያለው ብሎን) ውፍረት ከመጎተቻህ ቀዳዳ ጋር እኩል ይሁን፣ ቀዳዳው ሰፍቶ በራንዴላ የሚሞላ ከሆነ ተወው

የጊራና_ልጅ፦
ይሄ ሁሉ ወጪ ለምን? የጎማ ቁራጭ መሀሉ ጠቅጥቅበት

የደሴ_ሹፌር፦
ጎማው ተፈጭቶ ሲያልቅ ቦሩ ሜዳ ላይ ተሳቢህ ቀድሞህ ሲሄድ ታየዋለህ 😄 እረ ተው

ጋሽ_ይማም፦
ልጆች ስሙኝ። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ጭነት ላይ ነው የኖርኩት። የዛሬ ልጅ ሞተሩን ብቻ ነው የሚያየው፣ ሃይሉክስ ይጎትታል ይጎትታል ይላል፣ መጎተትማ አህያም ይጎትታል፣ ማቆሙ ነው ቁም ነገሩ። ኳስ ብትቀይር መጎተቻው በራሱ በምን ተያዘ? ፓራውልት ላይ ከሆነ ፓራውልት ቆርቆሮ ነው፣ ሻንሲ ላይ በብሎን መታሰር አለበት። ከኳስ፣ ከመያዣ፣ ከብሎን፣ ከሰንሰለት የትኛውም ደካማ ከሆነ ጠቅላላው አቅምህ የሱ አቅም ነው። አሁን ደግሞ አንድ ነገር መልስልኝ፣ ናፍጣህን የት ነው የጫንከው?

መውቂያ_ኮምቦልቻ፦
መጎተቻው ሻንሲ ላይ ነው ጋሼ። አንድ በርሜል ናፍጣ ከማሽኑ ኋላ ጫፍ ላይ አስሬዋለሁ

ጋሽ_ይማም፦
አላልኩም! 200 ሊትር ናፍጣ ከ160 ኪሎ በላይ ነው። ጫፍ ላይ ስታደርገው የተሳቢው አፍንጫ (የፊት ጫፉ) ይቀልና ወደ ላይ ይነሳል፣ ኳሱ ልኩ ቢሆንም ባይሆንም ጉድጓድ ላይ ሊያመልጥ ይችላል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ተሳቢው እንደ እባብ ይወዛወዛል። በርሜሉን መኪናው ላይ ጫነው

ሰዓዳ_ደሴ፦
ጋሽ ይማም ልክ ናቸው። አፍንጫው ላይ ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 ፐርሰንት ይረፍ ይባላል፣ 800 ኪሎ ከሆነ ከ80 እስከ 120። ለመለካት አስፋልት ዳር ልጆች የሚይዟትን የሰው ሚዛን ለምነህ ሜዳ ላይ ጎማውን ታኮ አድርግ፣ መያዣውን ኳሱ በሚቆምበት ከፍታ እንጨት አስደግፈህ ሚዛኑ ላይ አሳርፈው፣ ቀስ ብለህ ብቻ ከአቅሟ እንዳያልፍ

የጊራና_ልጅ፦
የጎማ ቁራጭ ግን ለኔ ሰርቷል

ጋራዥ_ቦርከና፦
አይሰራም ወንድሜ ቀን ጠብቆልህ ነው። መውቂያ፣ አዲሱን ኳስ ስታስር ዳዶውን በረጅም ቁልፍ አጥብቀው። መያዣውን ከዘጋህ በኋላ አንገቱን በክሪክ አንሳው፣ የመኪናው ቂጥ አብሮ ከተነሳ ይዟል፣ መያዣው ብቻውን ከተነሳ አልያዘም፣ ከስሩ ያለችውን ዳዶ አስተካክል። መዝጊያው ላይ ፒን ክተትበት። ሰንሰለቱ ሁለት ይሁን፣ ከአንገቱ ስር አቋርጠህ ሻንሲው ላይ እሰር፣ ቢወልቅ እንኳን አንገቱ መሬት ሳይነካ እላዩ ላይ ያርፋል

ጋሽ_ይማም፦
ተሳቢህ የራሱ ፍሬን የለውም መሰለኝ። እንዲያ ከሆነ ከደሴ ወደ ሐይቅ ስትወርድ ገና ሳትጀምር ሁለተኛ ማርሽ ያዝ፣ ፍሬን እየረገጥክ አትውረድ ይግልና ባዶ ይሆንብሃል። በጨለማም አትንቀሳቀስ

አሚን_ወልዲያ፦
ይቅርታ ልግባ፣ የኔ ደግሞ ኳሱ 50 ይላል መያዣው 2። ይሄስ?

ጋራዥ_ቦርከና፦
ያንተ 50 ሚሊ ነው፣ መያዣው 50.8። ልዩነቷ ትንሽ ናት ግን ኳሱ ሲበላ ትሰፋለች። ሁሌም መያዣው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው መግዛት

ሰዓዳ_ደሴ፦
መውቂያ ኳሱን አገኘኸው ወይ? ፒያሳ አንድ ሱቅ አይቻለሁ፣ ካጣህ ጻፍልኝ