ለንባብ ክፍላችን ላፕቶፖች ራም ለመጨመር፦ የጋራ ዕቅዱን እንቋጨው

ጸሐፊ፦
ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። በማኅበራችን የንባብ ክፍል ውስጥ ያሉት ላፕቶፖች አሥራ ሁለት ናቸው። ሁሉም 4 ጊጋ ራም (የተከፈተውን ሥራ ለጊዜው የሚይዝ ማስታወሻ) አላቸው። እሑድ ዕለት ሄጄ ነበር። አንዲት የ12ኛ ክፍል ልጅ ክሮም ከፍታ ነበር፤ የፊዚክስ ፒዲኤፍ ልትጨምር ስትል ማሽኑ ደረቀባት። ዝም ብላ በመስኮት ጣናን እያየች ጠበቀች። አንጀቴን በላችው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ እነዚህ ልጆች ኪቦርድና ማውስ ካልለመዱ ይጎዳሉ። ረቂቄ ይኸው፦ «ለ12 ላፕቶፖች 12 ባለ 4 ጊጋ ራም ይገዛ፤ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብሰብ።» አስተያየት ስጡበት።

ገንዘብ ያዥ፦
ልጄ፣ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ነገር ግን መዋጮው ከአባላት ኪስ የወጣ ብር ነው። ቤት ያለው የልጅ ልጄ ደግሞ «ላፕቶፕ የሚያፈጥነው ራም ሳይሆን ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የፈጠነ ማከማቻ) ነው» ይለኛል። ለሁለቱም የሚበቃ ገንዘብ የለንም። የትኛው ይቅደም?

የጥገና ሥራ ላይ ያለ አባል፦
ጋሼ፣ ጥሩ ጠየቁ። መልሱን ማሽኑ ራሱ ይነግረናል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ስንጫን ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ ራሙና ዲስኩ ምን ያህል እንደተያዙ ያሳያል። ልጆቹ እንደሚሠሩት ክሮምና አንድ ፒዲኤፍ ከፍተን እንየው። ራሙ ጢም ብሎ ከሞላ መጀመሪያ ራም ነው የሚያስፈልገው። ራሙ ቦታ እያለው ዲስኩ ብቻ 100 በመቶ ላይ ከቆመ ኤስኤስዲ ይቅደም። ሁለቱም ሞልተው ከተገኙ አትደናገጡ። ዊንዶውስ ራም ሲያልቅበት ትርፉን ሃርድ ዲስኩ ላይ ይጽፋል። ስለዚህ ዲስኩን የሚያስጨንቀው ብዙ ጊዜ የራሙ ማነስ ነው።

እህቴ፣ «12 ራም» የሚለውን ግን እባክሽ ከረቂቁ እናውጣው። ሳይከፈት አይገዛም። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የሚባሉት የራም ዓይነቶች አይለዋወጡም። የላፕቶፑ ዲዲአር3 204 እግር አለው፣ ዲዲአር4 ደግሞ 260። መሐል ላይ ያለችው ስንጥቅም ቦታዋ ይለያያል፤ በግድ ቢገፉት እንኳ አይገባም። ይህኛው እንኳ ቶሎ ይታወቃል። የሚያስቸግረው ሌላው ነው። ዲዲአር3 እና ዲዲአር3ኤል መልካቸው አንድ ነው፣ ስሎቱም (ራሙ የሚሰካበት ቦታ) ያስገባቸዋል። ተራው በ1.5 ቮልት ይሠራል፣ ባለ ኤሉ በ1.35 ቮልት። የኢንቴል 4ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያላቸው ቀጫጭን ላፕቶፖች የሚፈልጉት ባለ ኤሉን ነው። አምና ለአንድ ዘመዴ 8 ጊጋ ገዛሁ። መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ማዘርቦርዱን ያቃጠልኩት መስሎኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። ለካ መለያው ላይ ያለችው ጽሑፍ ፒሲ3 (ተራው) ነበረች፤ ፒሲ3ኤል (ባለ ኤሉ) መሆን ነበረባት። ባለ ኤሉ ግን በ1.5 ቮልት ማሽንም ላይ ይሠራል። ስለዚህ ዲዲአር3 ለሚወስዱት ሁሉ ባለ ኤሉን ብቻ እንግዛ፤ ካንዱ ወደ ሌላው ለማዛወርም ይመቸናል።

የፖሊ ተማሪ አባል፦
ሦስቱ ላይ ያለው ዊንዶውስ 32 ቢት ነው፤ አይቻቸዋለሁ። እሱ ከ4 ጊጋ በላይ መጠቀም አይችልም። 64 ቢት ካልተጫነባቸው የምንጨምረው ራም ከንቱ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል፤ እነዚህ ደግሞ ለዊንዶውስ 11 አይሆኑም። በዊንዶውስ ፈንታ ባለ 64 ቢቱን ነፃ ሥርዓት፣ ሊኑክስ ሚንትን፣ እንጫንባቸው። እኔና ጓደኞቼ በነፃ እንሠራዋለን።

የንባብ ክፍሉ ኃላፊ፦
መጋዘን ውስጥ ስክሪናቸው የተሰበረ ሦስት ላፕቶፖች አሉ። ራማቸው ደህና ሊሆን ይችላል?

የጥገና ሥራ ላይ ያለ አባል፦
እጅግ ጥሩ! ስክሪን ተሰበረ ማለት ራም ሞተ ማለት አይደለም። መጀመሪያ እነሱን እንፍታ። ሌላም ነገር አለ። አንዳንዱ ሁለት ባለ 2 ጊጋ ይዞ ሁለቱንም ስሎት ሞልቶ ይሆናል። እዚያ ላይ ባለ 4 ጊጋ ብንጨምር አንዱ ወጥቶ ድምሩ 6 ነው የሚሆነው። ሁለቱ ሌኖቮ ቲ440ኤስ ደግሞ 4 ጊጋው ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ ያላቸው ስሎት አንድ ብቻ ነው። ለእነሱ አንዴ ባለ 8 ማስገባት ይሻላል።

ገንዘብ ያዥ፦
አሁን ገባኝ። እንግዲያው ፕሮፎርማው ከምርመራው በኋላ ይሁን። ደረሰኙ ላይም «ካልሠራ ይቀየራል» የሚል ይጻፍልን። ያለዚያ እኔ አልፈርምም።

ጸሐፊ፦
አስተካክዬዋለሁ። ለቃለ ጉባኤው እንዲህ ይግባ፦

«ማኅበሩ በመጀመሪያ 12ቱን ላፕቶፖች አንድ በአንድ ከፍቶ የራም ዓይነት፣ ስንት ስሎት እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይመዘግባል። ከሦስቱ የተበላሹ ላፕቶፖች የሚወጣው ራም ተፈትሾ ለሚስማማው ይሰጣል። የጎደለው ብቻ በሦስት ፕሮፎርማ ተወዳድሮ ይገዛል። ግቡ እያንዳንዱን ቢያንስ 8 ጊጋ ማድረስ ነው። የተረፈ ገንዘብ ካለ ዲስካቸው በጣም ለዘገየባቸው ኤስኤስዲ ይገዛበታል። የገባው ራም ሁሉ ለልጆቹ ከመሰጠቱ በፊት በሜምቴስት (ራም በሚመረምር ፕሮግራም) ይፈተሻል።»

የጥገና ሥራ ላይ ያለ አባል፦
እስማማለሁ። ፍተሻው ሰዓታት ይወስዳል፤ መሐል ላይ መብራት ከጠፋ እንደ አዲስ ነው የሚጀመረው። ባትሪያቸው ደህና ከሆኑት እንጀምር። ስንፈታ ግን ቻርጀር ይነቀላል፣ ባትሪ ይወጣል፣ ማብሪያው ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ይያዛል። ራሙን ከመንካታችን በፊት ባዶ ብረት እንነካለን፤ የሰውነታችን ኤሌክትሪክ ሊገድለው ይችላል። አዲሱ አጋደል ብሎ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ታች ሲጫኑት ሁለቱ ጆሮዎች ቀጭ ብለው ይይዙታል። ልጆቹም ይምጡ። በእጃቸው ይሥሩት።

የንባብ ክፍሉ ኃላፊ፦
ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት እከፍታለሁ። ምንጣፉን አነሣና ጠረጴዛዎቹን እገጥማለሁ። ካቻቢቴ ሁለት አለኝ። ቁጥር 7 ከሥሩ ሁለት ብሎን ጎድሎታል። ጋሼ፣ ያችን የብሎን ቆርቆሮዎን ይዘው ይምጡልን።