«ታይፎይድ» ሳይሆን «ታይሮይድ»፦ የልጄ የደም ምርመራ ውጤት አስጨንቆኛል

ጥያቄ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ ከመጣን ሰባት ወር ሆኖናል። ወንዱ ልጄ 2 ዓመት ከ3 ወሩ ነው። ለመዋዕለ ሕፃናት መግቢያ ምርመራ ስንወስደው፣ ሐኪሟ ቁመቱ ለዕድሜው ዝቅ ያለ መሆኑን አይታ፣ ሆዱም ቶሎ ቶሎ እንደሚደርቅበት ስትሰማ ደም እንዲሰጥ አዘዘች። «ቲኤስኤች» የሚባለው 7.9 ሆነ፤ «ፍሪ ቲ ፎር» የሚባለው ደግሞ ደህና ነው ተባለ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ምርመራው እንዲደገም ቀጠሮ ተሰጥቶናል።

በስልክ ያስተረጎመልን ሰው ግን ሁለት ጊዜ «ታይፎይድ» ስላለን፣ እኔና ባለቤቴ ስለ ውኃና ስለ ምግብ ስንጨነቅ ነው ያደርነው። ነገሩ የአንገት ዕጢ መሆኑን ያወቅነው በማግስቱ ወረቀቱን ለጎረቤታችን ስናሳይ ነው። አሁን ደግሞ አማቴ እንቅርት ስላለባቸው «በዘር የመጣ ነው» የሚል ወሬ በቤታችን ገብቷል። ስድስት ሳምንት ዝም ብሎ መጠበቅ ልጄን አይጎዳውም? በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ምላሽ

ውድ እህቴ፣ እግዚአብሔር ልጅዎን ይማርልዎ። ጥያቄዎን ያነበብሁት ለልጄ የጠዋት ክኒኗን ሰጥቼ ገና ማንኪያውን ሳላጥብ ነው። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የታይሮይድ ዕጢዋ ከተወለደች ጀምሮ በቂ ሆርሞን አያመነጭም። እዚህ ቨርጂኒያ በተወለደች በማግስቱ ከተረከዟ ጠብታ ደም ወስደው ነበር፤ በአምስተኛው ቀን ስልክ ተደውሎ «ዛሬውኑ ይዛችኋት ኑ» ተባልን። የእርሷ ቲኤስኤች ከ100 በላይ ነበር። ይህን የምነግርዎ ላስፈራዎ ብዬ ሳይሆን፣ የእርስዎ ልጅ ቁጥር ከዚያ ምን ያህል የራቀ እንደሆነ እንዲያዩት ነው።

ቲኤስኤች የሚመነጨው ከታይሮይድ ሳይሆን ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ከምትባል ትንሽ ዕጢ ነው፤ ሥራውም ታይሮይድን መቀስቀስ ነው። ታይሮይድ ስትዘገይ ፒቱታሪ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጣራለች፣ ቁጥሩም ይጨምራል። 7.9 ማለት ድምፁ በመጠኑ ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ ፍሪ ቲ ፎር (ታይሮይድ ራሷ የምታመነጨው ሆርሞን) ደህና መሆኑ ደግሞ ታይሮይድ ለጊዜው ጥሪውን እየመለሰች ለመሆኑ ምልክት ነው። በልጆች ላይ ከ5 እስከ 10 ባለው መካከል የሚገኝ ውጤት፣ ፍሪ ቲ ፎር ደህና እስከሆነ ድረስ፣ ብዙ ጊዜ ያለ መድኃኒት ወደ ቦታው ይመለሳል። ስለዚህ «እንድገመው» መባሉን እንደ ቸልተኝነት አይቁጠሩት።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮው እስኪደርስ ሳይጠብቁ ለሐኪሟ ቢነግሯት እወዳለሁ፤ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ አራስ በተወለደ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ የተረከዝ ደም ምርመራ ይደረግለታል፤ ይህ የታይሮይድ ምርመራ በካናዳ ኩቤክ ከተጀመረ ከ1974 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። በአገራችን ግን ለአራስ ሁሉ የሚደረግ ምርመራ አይደለም። እዚህ ያለ ሐኪም ከልማዱ የተነሣ «ይህ ልጅ በአራስነቱ ተመርምሮ ነጻ ተብሏል» ብሎ ሊያስብ ይችላል። «ልጄ የተወለደው አዲስ አበባ ነው፤ የተረከዝ ምርመራ አልተደረገለትም» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ሐኪሟ ውጤቱን የምታይበትን ዓይን ሊለውጥ ይችላል፤ ምክንያቱም እስከ ሦስት ዓመት ድረስ የአንጎል እድገት በዚህ ሆርሞን ላይ በእጅጉ የተመሠረተ ነው። በዚያው አጋጣሚ ሲደገም ፀረ እንግዳ አካላትም (ሰውነት የራሱን ታይሮይድ እያጠቃ መሆኑን የሚጠቁሙት) አብረው ይታዩ እንደሆነ፣ የቁመቱ መስመርም ካለፈው ጋር ተነጻጽሮ እንዲታይ ይጠይቁ። ባዮቲን ያለበት ቪታሚን የሚሰጡት ከሆነም ይንገሯት፤ የምርመራውን ቁጥር ያዛባል። በመሃሉ እንቅልፍ ቢያበዛ፣ መብላት ቢያቆም ወይም አንገቱ ላይ እብጠት ቢያዩ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይደውሉ።

የአማትዎን እንቅርት በተመለከተ፣ በቤታችሁ ማንም ማንንም እንዳይወቅስ እለምናለሁ። በደጋው አገራችን የብዙ እናቶች እንቅርት የመጣው ከአዮዲን እጥረት ነው። ቀደም ሲል አዮዲን የተጨመረበት ጨው ከቀይ ባሕር ወደቦች ይመጣ ነበር፤ ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጦርነት በኋላ ያ ምንጭ ሲቋረጥ የአፋር ጨው ተተካ፣ አዮዲን ግን አብሮ አልመጣም። በ2011 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው 15 በመቶ ገደማ በሆኑ ቤቶች ብቻ ነበር፤ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዘው ደንብ ከወጣ በኋላ በ2016 ወደ 89 በመቶ ገደማ ደርሷል። እርግጥ ሰውነት የራሱን ታይሮይድ የሚያጠቃበት ዓይነት በዘር የመተላለፍ ዝንባሌ ስላለው፣ የአያቱን ነገር ለሐኪሟ መናገር ተገቢ ነው። በቤትዎ ያለውን ጨው ዕቃም ገልብጠው ያንብቡት፤ እዚህ በምንገዛው የባሕር ጨውና ኮሸር በሚባለው ፍሬው ትልልቅ በሆነ ጨው ላይ አብዛኛውን ጊዜ አዮዲን የለም። ይሁን እንጂ የአዮዲን ጠብታ በራስዎ ገዝተው እንዳይሰጡት፤ ከመጠን ያለፈ አዮዲንም ያንኑ ዕጢ ይጎዳል።

መድኃኒት ቢታዘዝለት፣ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ትንሽ ክኒን ነው፤ ባለ 25 ማይክሮግራሙ ብርቱካንማ ነው። ለልጄ መጀመሪያ የታዘዘላት 37.5 ነበር፣ ማለትም አንድ ተኩል ክኒን። በሁለት ማንኪያ መካከል ፈጭቼ፣ በጥቂት ውኃ በጥብጬ ወዲያው በጉንጯ በኩል እሰጣታለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ሙሉ ጡጦ ውስጥ እጨምረው ነበር፤ ወተቱን ስትተው የመድኃኒቱም ግማሽ አብሮ ይቀር ነበርና የሚቀጥለው ምርመራ ላይ ቁጥሩ እንደታሰበው አልወረደም። ያን ቀን ያለቀስሁትን አልረሳውም። ሌላው ያላወቅሁት የምጥኑ (የልጆች ምግብ የእህል ድብልቅ) ነገር ነው። እናቴ ከአገር ቤት በምትልከው ምጥን ውስጥ አኩሪ አተር ነበረበት፤ አኩሪ አተር፣ የብረት ሽሮፕና ካልሲየም መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ፣ አሁን አራት ሰዓት ያህል አራርቄ እሰጣለሁ። ምጥኑን አልከለከልኋትም።

ጸበል የሚወስዱት ከሆነም ይውሰዱት፤ እኛም ወስደናታል። የአክስቴን «ክኒኑን ለሰባት ቀን ተዪው» የሚለውን ምክር ግን አልተቀበልሁም፤ የደብሩን አባት ስጠይቃቸውም እርሳቸው መድኃኒቱን እንዳላቋርጥ ነው የነገሩኝ።

ተጨማሪ ምላሽ

እህታችን፣ ከላይ የተጻፈው ሁሉ ደግ ነው፤ እኔ የምጨምረው ሁለት ነገር ብቻ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ ሁሉ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ሲጀመር አስተርጓሚውን «የሕመሙን ስም በፊደል ቆጥረህ ንገረኝ» ይበሉት፤ ቃሉን ከሳተ በሌላ እንዲተካ መጠየቅ ነውር የለውም። ሁለተኛ፣ ልጁ ንግግሩ ወይም አካሄዱ ቢዘገይ፣ ሜሪላንድ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች በነጻ የሚገመግም መርሐ ግብር ስላላት፣ የሐኪም ማዘዣ ሳይጠብቁ ራስዎ ደውለው ማስመዝገብ ይችላሉ። ሦስት ዓመት ሊሞላው ዘጠኝ ወር ነው የቀረው፣ አያዘግዩት።

ከጠያቂዋ

ወንድሜና እህቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዛሬ ጠዋት ሌላ አስተርጓሚ አስጠርቼ ለሐኪሟ ነገርኋት። የተረከዝ ምርመራ እንዳልተደረገለት አታውቅም ነበር፤ ቀጠሮውን ወደ ሦስት ሳምንት አሳጠረችልን፣ የፀረ እንግዳ አካላቱን ምርመራም ጨመረች። ምጥኑን ደግሞ እናቴን ደውዬ ስጠይቃት አኩሪ አተር «አንድ ጭብጥ ብቻ» እንደጨመረች ነገረችኝ። ውጤቱ እንደወጣ እጽፍላችኋለሁ።