አይጥ ላይ ሠራ የተባለ ሰፕሊመንት ለፋቲ ሊቨር ይጠቅማል?

ሜሪ፦ ሰላም ናችሁ፣ እናቴ አልትራሳውንድ ተነስታ ፋቲ ሊቨር (ጉበት ውስጥ ስብ መጠራቀም) አለሽ ተባለች ኮሌስትሮሏም ከፍ ብሏል፣ አንድ ሻጭ ደግሞ ሲኤልኤ የሚባል (የቅባት አሲድ ዓይነት ነው) ካፕሱል አይጥ ላይ ተሞክሮ ስብ አቅልጧል ብሎ ጥናት ላከልኝ። እኔ የሽፈራው ካፕሱል ልጀምርላት አስቤ ነበር። የአይጡ ውጤት ለሰውም ይሆናል እንዴ? የምታውቁ እባካችሁ በጣም ጨንቆኛል

አቤል ላብ፦ ሜሪዬ እማማን እግዜር ይማርልሽ። ሲኤልኤውን ግን ተዪው። አይጦቹ ሰውነታቸው ላይ ያለው ስብ መቀነሱ እውነት ነው፣ ሻጩ ያልነገረሽ ግን እነዛው አይጦች ጉበታቸው ውስጥ ስብ ይጠራቀማል፣ ሲመዘንም ከብዶ ነው የሚገኘው፣ በተለይ ትራንስ 10 ሲስ 12 የሚባለው የሲኤልኤ ዓይነት ሲሰጣቸው። ለፋቲ ሊቨር ብሎ ይሄን መሸጥ በጣም ነው የሚያናድደው!! ጥናቱን ስታነቢ ክብደት ቀነሰ የሚለው ላይ አትቁሚ፣ የጉበት ትራይግሊሰራይድ (ጉበት ውስጥ ያለው ስብ) የሚለውን ሰንጠረዥ ፈልጊ

ዶ/ር አይደለሁም፦ አቤል ላይ ልጨምር። አይጥ አብዛኛው ኮሌስትሮሏ ኤችዲኤል (ጥሩ የሚባለው) ውስጥ ነው የኛ ግን አብዛኛው ኤልዲኤል (መጥፎ የሚባለው) ነው፣ ቅባት ብትበላም እንደኛ ቶሎ ከፍ አይልባትም ስለዚህ መኖዋ ላይ ኮሌስትሮልና ኮሊክ አሲድ (የሐሞት አሲድ) ይጨመርበታል። ተቃራኒውም አለ፣ ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ በፈረንጆች ከሻጋታ ያወጣው ኮምፓክቲን አይጥ ላይ ምንም አልሠራም፣ ዶሮና ውሻ ላይ ግን ኮሌስትሮሉን አወረደው፣ ዛሬ ሐኪም የሚያዝዛቸው ስታቲን የሚባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች የመጡት በዛ መንገድ ነው። ዶዙንም እዪ፣ ትልቋ የላብራቶሪ አይጥ በኪሎ 400 ሚሊግራም ከተሰጣት ወደ ሰው ሲቀየር ለ6 ገደማ ይካፈላል፣ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 4.5 ግራም አካባቢ ይመጣል፣ ባለ 500 ሚሊግራሙ ካፕሱል ከሆነ በቀን 9 ፍሬ መዋጥ ነው

ሜሪ፦ 9 ፍሬ?? እሱ 1 ጠዋት 1 ማታ ነው ያለኝ። ሽፈራውስ?

ትዕግስት፦ ሽፈራውን ኮንሶና አርባ ምንጭ እንደ ጎመን ቀቅለው ነው የሚበሉት፣ እንደዛ ብትበላ ደስ ይለኛል፣ ካፕሱሉ ግን ሌላ ነገር ነው። አረንጓዴ ሻይን ተመልከቺ፣ ሲጠጣ ምንም አይልም፣ ተጨምቆ በካፕሱል ሲወሰድ ግን በቀን 800 ሚሊግራም ኢጂሲጂ (አረንጓዴ ሻይ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር) እና ከዛ በላይ የጉበት ኢንዛይም ከፍ እንደሚያደርግ የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2018 በፈረንጆች አስጠንቅቋል። ለፋቲ ሊቨር ሰው ላይ ሲጠቅም የታየው ክብደት መቀነስ ነው፣ ውፍረት ካላት ከክብደቷ ከ7 እስከ 10 በመቶ ብትቀንስ የጉበቷ ስብ በደንብ ይወርዳል። ስኳር አለባት ወይ? የምትወስደው መድኃኒትስ አለ?