ከዱብሮቭኒክ ወደ ኮቶር ባሕረ ሰላጤ በግል ጀልባ፦ የመውጫና የመግቢያ ሥርዓቱ እንዴት ነው?

ባለ ሸራው፦
ሰላም ለሁላችሁ። 11 ሜትር ርዝመት ባላት ሸራ ጀልባ አራት ሆነን ከክሮኤሺያ ወደ ሞንቴኔግሮ ልንሻገር ነው። ጀልባዋ የተመዘገበችውም ባለቤቷ የሚኖረውም ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ነው። ከአራታችን ሁለቱ የኅብረቱ ፓስፖርት አላቸው፤ የቀረነው በሼንገን ቪዛ ነው ያለነው። ሰኞ ወጥተን ዓርብ በዚያው መንገድ ለመመለስ አስበናል። የመውጫ ማህተም የት ነው የሚመታው? ማህተም ካስመታን በኋላ መንገድ ላይ መልሕቅ ጥለን አንድ ሌሊት ማደር እንችላለን? የጀልባዋ የ18 ወር የጉምሩክ ጊዜስ እንደ አዲስ ይቆጠራል?

መልሕቅ፦
ከማደሩ ልጀምር፤ አይቻልም። የመውጫ ማህተም የተመታላት ጀልባ በሕግ ፊት ከአገር ወጥታለች። ከዚያ በኋላ በአጭሩ መንገድ በቀጥታ ወደ ድንበሩ መሄድ ነው። ለመዋኘት ብላችሁ አንድ ትንሽ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ብትቆሙ እንኳ ያለ ፈቃድ ተመልሶ እንደ መግባት ይቆጠራል፤ ቅጣቱም ካፒቴኑ ላይ ነው። ማደር ካማራችሁ ሳትወጡ በፊት እደሩ፣ ማህተሙን በማግስቱ ጠዋት አስመቱ።

በክሮኤሺያ በኩል ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው መውጫ ዱብሮቭኒክ ያለው የግሩዥ ወደብ ነው። ጻቭታት ለድንበሩ ይቀርባል፤ ግን የሚከፈተው በበጋው ወቅት ብቻ ስለሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ። የሚያዙት ወረቀቶች የሁሉም ፓስፖርት፣ የጀልባዋ የምዝገባ ወረቀት፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ የካፒቴኑ የብቃት ማረጋገጫ፣ የሬዲዮው ፈቃድ፣ በክሮኤሺያ የከፈላችሁት ክፍያ ደረሰኝና የተሳፋሪዎች ዝርዝር፣ ማለትም ክሩ ሊስት ናቸው። ሁሉም ኦርጅናል ይሁን። ክሩ ሊስቱን ግን ቢያንስ በአምስት ቅጂ አትሙት፤ በሁለቱም አገር እያንዳንዱ ቢሮ አንድ አንድ ሊያስቀር ይችላል፣ አንዱ ማህተም ያረፈበት ቅጂ ደግሞ እናንተ ጋር መቅረት አለበት። ባለቤቱ አብሯችሁ የማይጓዝ ከሆነ ጀልባዋን ወደ ሞንቴኔግሮ መውሰድ እንደምትችሉ የሚገልጽ፣ ፊርማ ያለበት የውክልና ደብዳቤ ያስፈልጋል። የኢንሹራንሱንም የሽፋን ክልል አንብቡት። ብዙ ውል «የአውሮፓ ኅብረት ውሃ» ብሎ ያቆማል፤ ሞንቴኔግሮ ደግሞ የኅብረቱ አባል አይደለችም።

ከጻቭታት እስከ ዘሌኒካ፣ ማለትም የሞንቴኔግሮ መግቢያ ወደብ፣ ከ20 የባሕር ማይል ትንሽ በለጥ ይላል፤ በሰዓት 5 ማይል ብትጓዙ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የሞንቴኔግሮን ውሃ ስትረግጡ ቢጫውን የኪው ባንዲራ ከምሰሶው አግድም ክንድ በስተቀኝ በኩል ስቀሉ። ትርጉሙ «ጀልባዬ ጤናማ ናት፣ የመግቢያ ፈቃድ እጠይቃለሁ» ነው። ዘሌኒካ ከኸርሴግ ኖቪ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው የምታገኙት። ከመትከያው ጋር በጎን ነው የምትታሰሩት፣ ስለዚህ ፌንደሮቻችሁን (ጀልባዋን ከግጭት የሚከላከሉትን ትራሶች) ቀድማችሁ አውርዱ። ካፒቴኑ ወረቀቱን ይዞ ይወርዳል፤ ሌሎቹ እስኪጠሩ ድረስ ጀልባዋ ላይ ይቆያሉ። ጉዳዩ የሚያልቀው በፖሊስ፣ በጉምሩክና በወደብ ካፒቴን ቢሮ ነው። የወደብ ካፒቴኑ ቢሮ ቪኜት የሚባለውን የጉዞ ፈቃድ ይሰጣል፤ ዋጋው በጀልባዋ ርዝመትና በምትቆዩበት ጊዜ ይለያያል። ሁሉም ሲያልቅ ቢጫው ይወርድና የሞንቴኔግሮ ባንዲራ በቦታው ይሰቀላል።

የወደብ ጥላ፦
መልሕቅ የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሁለታችሁ ቪዛ ነው። ዛሬውኑ ፓስፖርታችሁን ግለጡና ቪዛው ላይ የመግቢያ ብዛት የሚለውን ቦታ እዩ። 01 ተጽፎ ከሆነ፣ ክሮኤሺያ ስትወጡ ቪዛው አበቃ ማለት ነው፤ የሚቀሩት ቀኖች ምንም ያህል ቢሆኑ ዓርብ ዕለት አትገቡበትም። 02 ከሆነ አንድ መግቢያ ይቀራችኋል፤ ሙልት (ብዙ ጊዜ መግባት የሚፈቅድ) ከሆነ ችግር የለም። ክሮኤሺያ ከ2023 ጃንዋሪ 1 ጀምሮ ሼንገን ውስጥ ስለሆነች ጉዳዩ የእሷ ብቻ አይደለም፣ መላው ሼንገን ነው የሚዘጋባችሁ። እዚህ ላይ የሚሳሳቱ ሰዎች በጣም ብዙ ናቸው፣ ምክንያቱም ሐሳባቸው ሁሉ ጀልባዋና የጀልባዋ ወረቀት ላይ ነው።

ቀን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። በሼንገን መቆየት የሚቻለው በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው ሲባል የወጣችሁበትም የተመለሳችሁበትም ቀን በሼንገን እንዳላችሁ ይቆጠራል። ሰኞ ወጥታችሁ ዓርብ ብትመለሱ የምታተርፉት ማክሰኞን፣ ረቡዕንና ሐሙስን ብቻ ነው።

ሞንቴኔግሮ ለመግባት ግን የጸና የሼንገን ቪዛ ያለው ሰው ተጨማሪ ቪዛ ሳይጠየቅ እስከ 30 ቀን መቆየት ይችላል፤ ቪዛው ከዚያ በፊት ካበቃ እስከዚያው ድረስ ነው። ሌላው፣ የፓስፖርት ማህተምን የሚተካው የአውሮፓ ዲጂታል መዝገብ ከ2025 ኦክቶበር 12 ጀምሮ በደረጃ ሥራ ላይ ውሏል። ስለዚህ ሁለታችሁ በክሮኤሺያ በኩል ፓስፖርቱን በካፒቴኑ ልኮ መቀመጥ አያዋጣችሁም፤ ራሳችሁ ፖሊሱ ፊት ቅረቡ።

ሚዛን፦
የ18 ወሩን ልመልስ። እሱ የጀልባዋ እንጂ የሰዎቹ ጊዜ አይደለም፤ ከ90 ቀኑ ጋር አታምታቱት። ከኅብረቱ ውጭ የተመዘገበች፣ ባለቤቷም ውጭ የሚኖር ጀልባ ተጨማሪ እሴት ታክስና ቀረጥ ሳትከፍል 18 ወር ኅብረቱ ውስጥ መቆየት ትችላለች። ከኅብረቱ የጉምሩክ ክልል ወጥታ ስትመለስ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ውጭ ለምን ያህል ጊዜ መቆየት እንዳለባት ሕጉ ዝቅተኛ ገደብ አላስቀመጠም። አምስት ቀን ይበቃችኋል።

ጣጣው ማስረጃው ላይ ነው። ፓስፖርት ላይ ያለ ማህተም ሰውየው መውጣቱን እንጂ ጀልባዋ መውጣቷን አያሳይም። ማህተም ያለበት የክሮኤሺያ መውጫ ክሩ ሊስት፣ የሞንቴኔግሮ መግቢያ ወረቀት፣ የጀልባዋ ስም የተጻፈበት ቪኜትና የማሪና ደረሰኝ፣ አራቱንም በአንድ ፋይል አስቀምጡ። ከዓመት በኋላ ሌላ አገር ወደብ ላይ ጉምሩክ «መቼ ነው የገባችው?» ሲል የሚታየው እሱ ነው።

ባለ ሸራው፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የሁለታችንም ቪዛ ሙልት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ከመካከላችን አንዱ ሐሙስ እዚያው ሞንቴኔግሮ ካለችው ከቲቫት በአውሮፕላን ሊሄድ ነው፤ ጀልባዋ በሦስት ሰው ብትመለስ ችግር አለው?

መልሕቅ፦
በሦስት ሰው መመለሱ ችግር የለውም፤ ዝርዝሩ ግን መስተካከል አለበት። ሰውየው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ከመሄዱ በፊት ካፒቴኑ አብሮት ወደብ ካፒቴን ቢሮ ይሂድና ስሙን ከክሩ ሊስቱ ያስወጣው፤ ማህተም ያለበትን አዲሱን ዝርዝርም ይቀበል። ይህ ካልተደረገ መውጫ ላይ ፖሊስ አራት ስም አንብቦ ሦስት ሰው ነው የሚቆጥረው፤ አራተኛው እስኪጣራ ጀልባዋ አትነቃነቅም። የቲኬቱን ቅጂ ያዙ።

ዓርብ ስትመለሱ ዘሌኒካ ወይም ኮቶር መውጫችሁን አስመትታችሁ በቀጥታ ጻቭታት ወይም ግሩዥ ግቡ፣ ቢጫው ባንዲራ እንደገና ይሰቀላል። ስጋና የወተት ውጤት ከኅብረቱ ውጭ ይዞ መግባት ክልክል ነውና ማቀዝቀዣችሁን ሐሙስ ማታ ባዶ አድርጉት።