ማታ ስልክ የሚያነሳ ሰው፦ የጋራ ሐሳባችንን እስከ ሐሙስ እንጨርስ

የወጣቶች ክፍል ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኛ እስራኤል ያለን የቤተ እስራኤል ማህበር ፖሊስ ልጆቻችንን ስለሚይዝበት መንገድ ለኢሪያ፣ ለከተማው አስተዳደር፣ የምናስገባው ሐሳብ ሐሙስ ማለቅ አለበት። ከስግድ በዓላችን በፊት ካላስገባነው ሰው ሁሉ ሐሳቡ ወደ ኢየሩሳሌም ጉዞ ይሄድና ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ያድራል። ረቂቁን አይታችሁታል፤ አንድ ሰልፍ፣ አንድ ትልቅ ስብሰባ፣ ከዚያ በቃ። በግልጽ ልናገር፣ እኔ አልበቃኝም። ሰልፍ ጠልቼ አይደለም። በፈረንጆች 2019 ሰለሞን ተካ ቂርያት ሐይም ላይ በፖሊስ ጥይት ሲሞት መንገድ ከዘጉት ልጆች መካከል ነበርኩ። ግን ሰልፉ አለቀ፣ ጋዜጠኛው ካሜራውን ይዞ ሄደ፣ ሰፈር ውስጥ የቀሩት በዚያ ሳምንት ተይዘው መዝገብ የተከፈተባቸው ልጆች ናቸው። ወታደር ለመሆን ሲሄዱ፣ ሥራ ሲፈልጉ ያ መዝገብ ይቀድማቸዋል።
ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ማታ ማታ ተራ የሚይዝ ቡድን ይኑረን። ልጅ ሲያዝ ወላጅ የሚደውልበት አንድ ቁጥር፣ ስልኩን የሚያነሳ ሰው፣ ጣቢያ ድረስ አብሮ የሚሄድ ሰው። ምን ትላላችሁ?

አባል፣ የሕግ ተማሪ፦
ከልቤ እደግፋለሁ። ግን የሚሄደው ሰው ሕጉን ካላወቀ ሄዶ ከመቆም በቀር ምንም አይሠራም። ቢያንስ እነዚህን በቃሉ ይያዝ። ልጁ ከመጠየቁ በፊት ከጠበቃ ጋር የመነጋገር መብት አለው፣ ገንዘብ ለሌለው ሳንጎሪያ ጺቡሪት የሚባሉት የመንግሥት ተከላካዮች አሉ። ዝም ማለትም መብቱ ነው። 14 ዓመት ያልሞላው ልጅ ከ20:00 እስከ ጠዋት 7:00፣ 14 የሞላውና ከ18 በታች የሆነው ደግሞ ከ22:00 ጀምሮ እስከ 7:00 በመርህ ደረጃ ለምርመራ አይቀርብም። ልዩ ሁኔታ አለ፣ ፖሊሶቹም ልዩ ሁኔታውን ነው የሚጠቅሱት፤ ለዚህ ነው አጃቢው ምክንያቱን ጠይቆ ሰዓቱን መጻፍ ያለበት።
ሌላው የመታወቂያ ነገር ነው። ጠበቃ የሚባለው ማህበር ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወስዶት፣ በ2021 ፍርድ ቤቱ ያለ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሰው አስቁሞ መታወቂያ መጠየቅን የሚፈቅደው የፖሊስ መመሪያ ከሕግ ጋር አይሄድም ብሏል። ስንቱ ልጃችን ይሄን ያውቃል? እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው የሰማሁት።

አባል፣ የሦስት ልጆች እናት፦
ስልኩ ላይ እኔ አንድ ነገር ልበል። ልጄ 15 ዓመቱ ነበር። ከቤታችን በር ላይ ብስክሌቱን ይዞ ቆሞ የማን ነው አሉት፣ የኔ ነው አለ፣ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ወሰዱት። እኔ የማታ ሥራ ላይ ነበርኩ። ስልክ ያነሳችው እናቴ ናት። በማግስቱ በ8 ሰዓት ኑ ብለዋታል። ለእሷ 8 ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው! ጠዋት ማንም ሳይደርስለት ብቻውን ተቀምጦ ጠበቀን። እኔ ስደርስ ደግሞ ወረቀት ሰጡኝ፣ ፈርሚ አሉኝ፣ ፈረምኩ። ዕብራይስጥ እናገራለሁ እኮ፣ ገበያም ሥራ ቦታም አያቅተኝም፣ የዚያ ወረቀት ዕብራይስጥ ግን ሌላ ነው። የፈረምኩት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።
የሚታተመው ወረቀት ላይ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት። ትንሽ ነገር አይደለም።

የማህበሩ ሽማግሌ፦
ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። እኔ በ1996 የለገስነው ደም መደፋቱን ስንሰማ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት ከቆሙት ነኝ። በሺዎች ነበርን። ከዚያ ቀን በፊት እኛ አገር ያስገባን መንግሥት ፊት ድምፅ ማሰማት ነውር ይመስለን ነበር። ስለዚህ ልጆች መንገድ ላይ ወጡ ብዬ አልቆጣም። የምለው ሌላ ነው። ወጣቱ ብቻውን ጣቢያ ከሄደ ሁለተኛው ታሳሪ ይሆናል። ሽማግሌ አብሮት ይሂድ። ቄሶቻችንንም እንጠይቃቸው።

አባል፣ የ22 ዓመት ወጣት፦
አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጣቢያ ሽምግልና አይደለም። እዚያ ገብተን ልጁ ጥሩ ነው፣ ማሩልን ካልን ጥፋት አለበት ብለን አመንን ማለት ነው። እኔ ምሕረት አልፈልግም፣ ሕጉ ይከበርልኝ ነው የምለው።

የማህበሩ ሽማግሌ፦
ልክ ነህ ልጄ። እኔም ልለምን አልሄድም። ከልጁ እናት ጋር ልቀመጥ ነው የምሄደው። አንተ ከመርማሪው ጋር በሕግ ስትነጋገር እሷን ማን ያረጋጋታል? የተባለውን በአማርኛ፣ በትግርኛ ማን ይነግራታል?

አባል፣ የ22 ዓመት ወጣት፦
ይሄን አላሰብኩትም። እሺ፣ ሁለት ሁለት ሆነን እንውጣ።

አባል፣ ከረሖቦት፦
የሚያሳስበኝ ሰልፉ ከሐሳቡ ጨርሶ እንዳይወጣ ነው። በ2015 ዩኒፎርም የለበሰ ወታደራችን ሆሎን ላይ በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳየው ቪዲዮ ወጥቶ ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ ባይናወጡ ኖሮ በ2016 በእኛ ላይ ያለውን ዘረኝነት እንዲያጠና መንግሥት ያቋቋመው የፓልሞር ኮሚቴ 53 ምክረ ሐሳብ አያወጣም ነበር። በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ዘረኝነትን የሚከታተለው ክፍልም ከዚያ የመጣ ነው። ማንም በፈቃዱ አልሰጠንም። ደግሞ ምክረ ሐሳቡ ከወጣ በኋላ ነው በጥር 2019 ይሁዳ ቢያድጋ ባት ያም ላይ በፖሊስ ጥይት የሞተው፤ የአእምሮ ሕመም የነበረበት ልጅ፣ ፖሊስ የጠራው ቤተሰቡ፣ እርዳታ ፈልጎ። ወረቀት ብቻውን አይጠብቀንም።
አጃቢዎቹ መዝገብ ይያዙ። የት፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ተባለ፣ ማን ነበር። አቤቱታ የፖሊሶችን ጥፋት ወደሚመረምረው ክፍል ወደ መሐሽም ሆነ ዘረኝነትን ወደሚከታተለው የሚኒስቴሩ ክፍል ስናስገባ ወሬ ሳይሆን ማስረጃ እናቀርባለን፣ ሰልፍ የምንወጣ ቀንም የምንናገረውን እናውቃለን።

የሕግ ተማሪዋ፦
መዝገቡ ላይ ግን የልጁ ስም አይጻፍ። ቁጥር እንስጠው። ስሙ ያለበት ወረቀት ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ይቀመጥ፣ ወላጁ ሳይፈቅድ አይወጣም። የሰፈር ሰው ነን፣ ሁላችንም እንተዋወቃለን፣ ልጁን ሁለተኛ እንዳናዋርደው።

ገንዘብ ያዥ፦
በጣም ጥሩ። ወጪው ብዙ አይደለም፤ አንድ ስልክ፣ የታክሲ፣ የወረቀት ማተሚያ። ከወር መዋጮው ይወጣል። ከኢሪያ የምንጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ሁለት ነገር ይሁን፤ በሰፈሩ የሕዝብ ማዕከል፣ ማትናሱ ውስጥ፣ በሳምንት አንድ ማታ ክፍል ለሥልጠና፣ እና የጣቢያው አዛዥ በተገኘበት አንድ ስብሰባ። ገንዘብ ከጠየቅን ስድስት ወር ያመላልሱናል።

የወጣቶች ክፍል ጸሐፊ፦
ሁሉንም ሰብስቤ የመጀመሪያውን አንቀጽ እንዲህ አድርጌዋለሁ፦
«ማህበራችን በየማታው ሁለት አጃቢ ያቆማል፣ አንድ ሕጉን የሠለጠነ ወጣትና አንድ ታላቅ። ፖሊስ ልጅ ሲይዝ ወላጅ ከጠራን ጣቢያ ድረስ አብረን እንሄዳለን። ያየነውን እንመዘግባለን፣ ወላጁ ከፈለገ አቤቱታ እናስገባለን። ሠልጣኞች በማትናሱ እንዲማሩ ክፍል፣ ከጣቢያው አዛዥ ጋር ደግሞ ግልጽ ስብሰባ እንጠይቃለን።»
ሰልፉ በሁለተኛው አንቀጽ ይቆያል፣ አልነካሁትም። የሕግ ወረቀቱን ተማሪያችን ታዘጋጃለች፣ አባባ አማርኛውን ያዩልናል። አሁን የጎደለው የተራ ዝርዝር ነው። እሁድና ሐሙስ ሞልቷል፣ ዓርብ ማታ ለሰንበት ምን እንደምናደርግ ቄሶቹን እንጠይቃለን። ማክሰኞ ባዶ ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦
ማክሰኞን ለእኔ ጻፉኝ። ማክሰኞ የማታ ሥራ የለኝም። ከወጣቶቹ ማን ከእኔ ጋር እንደሚወጣ ብቻ ንገሩኝ፣ ቀደም ብሎ ቤት ይምጣና እራት በልተን እንጠብቃለን።