ካርቦን ከአየር የሚይዝ ትልቅ ፋብሪካ፦ ስሌቴ ተሳስቷል ወይ?

ቤቲ_ኬሚካል፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በቀጥታ ከአየር የሚይዝ ፋብሪካ መንደፍ ነው። መጠኑ በዓመት 4,000 ቶን፣ አይስላንድ ያለውን ኦርካ የተባለ ተመሳሳይ ፋብሪካ ያክላል። ሁለት ወር ሙሉ ካርቦኑን ስለሚይዘው ቁስ ሳነብ ከረምኩ። ትናንት ማታ የማራገቢያውን ስሌት ስጀምር ግን የወጣው የአየር መጠን አስደነገጠኝ። የሆነ ቦታ ዜሮ የጨመርኩ መሰለኝ። ላብራቶሪ ውስጥ ቁሱ የሚሞከርበትን ቱቦ አተልቆ መሥራት አይቻልም?

ዘሪሁን_መካኒካል፦
አልተሳሳትሽም። አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.04 በመቶ ገደማ ነው፣ በአንድ ሜትር ኪዩብ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። ከሚያልፈው ግማሹን ብትይዢ ለአንድ ቶን ወደ 2.6 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ አየር ትገፊያለሽ። ማራገቢያሽ 60 በመቶ ብቃት ካለው ደግሞ፣ አየሩ ቁሱን ሲያልፍ ለሚያጣው ለእያንዳንዱ 100 ፓስካል ግፊት በቶን 120 ኪሎዋት ሰዓት ያህል መብራት ይሄዳል። ስለዚህ ረጅም ቱቦ አይሆንም፣ አየሩ የሚያልፍበት ነገር ስስና ሰፊ ይሁን። በ2021 የተከፈተው ኦርካም 8 ኮንቴይነር ነው እንጂ አንድ ግዙፍ ጋን አይደለም።
ሌላው ሙቀት ነው። የተያዘውን ለማስለቀቅ 100 ዲግሪ አካባቢ ያስፈልጋል፤ ኦርካ ከጎኑ ካለው የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ያገኘዋል። አንቺስ ከየት ታመጫለሽ?

ናቲ_ዱባይ፦
ኬሚስትሪውን አላውቅም፣ ግን ሥራዬ የኤሲ ጥገና ነው። የአቧራ ንፋስ በነፈሰ ማግስት ፊልተር ስናወጣ ጣት እስኪሰምጥ ድረስ አቧራ ተጋግሮበት እናገኛለን፤ ማራገቢያው ይጮሃል፣ አየር ግን የለም። እባክሽ ስሌቱን በአዲስ ፊልተር ሳይሆን በቆሸሸ ፊልተር ሥሪው። ሰው ገብቶ የሚያወጣበት ቦታም ተይለት፣ ይሄን የሚያስብልን ዲዛይነር ብዙ አይደለም።

ቤቲ_ኬሚካል፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ! ፋብሪካውን አሉቶ ላንጋኖ ባደርገውስ? የከርሰ ምድር እንፋሎቱ አለ። አይስላንድ ካርቦኑን ባዛልት በሚባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ድንጋይ እያደረጉ ነው የሚቀብሩት፣ ስምጥ ሸለቆም ባዛልት አለው።

ዘሪሁን_መካኒካል፦
እኔም ብሆን እዚያ ነበር የማስበው። ኬንያ ውስጥ ኦክታቪያ ካርቦን የሚባል ኩባንያ ስምጥ ሸለቆው ላይ ይህንኑ እየሞከረ ነው። ግን አሉቶ ራሱ በአብዛኛው ራዮላይት የሚባል ሌላ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ካርቦኑን ድንጋይ የሚያደርገው ካልሲየምና ማግኒዚየም ያለው ባዛልቱ ውስጥ ስለሆነ፣ ባዛልቱ የት ጥልቀት ላይ እንደሚገኝ ጂኦሎጂስት ጠይቂ። የአይስላንዱ ዘዴ ለአንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 25 ቶን ውሃ ይጠጣል። ቦታውም ከፍታ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ከላይ ካልኩሽ በላይ ትገፊያለሽ። የእንፋሎቱን ዲግሪና የውሃውን ምንጭ ይዘሽ ነይ፣ አብረን እናሰላዋለን።