በራሪ ወረቀት አድለን ስንመለስ ሁሉም እንደነበረው ነው፤ የእጅ መታጠብ ዘመቻ በተማሪዎች እንዴት ይሠራ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአነስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ በጎ ፈቃደኞችን አስተባብራለሁ። 24 ተማሪዎች አሉን፤ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 20 ነው። የተያዘው ዕቅድ በአንድ ቅዳሜ 600 ቤት አዳርሶ ስለ እጅ መታጠብ በራሪ ወረቀት ማደል ነው። አካባቢው ቧንቧ ግቢ ድረስ አልገባለትም። ከዚህ በፊት በዚሁ መንገድ የተሠራው ቅስቀሳ ፋይዳ አላመጣም፤ ሰው ወረቀቱን ተቀብሎ አመስግኖ ይገባል፣ በቃ። ተማሪዎቹ በር ላይ ምን ይበሉ፣ ምን ያሳዩ? ጊዜና ሰው እንዴት ይደልደል? ለውጥ መምጣቱንስ በምን እንወቅ?

ባለ ሳሙና፦
እጅ መታጠብ ጥሩ መሆኑን የማያውቅ ሰው አታገኙም። ያልታጠበበት ምክንያት ከመጸዳጃ ቤት ሲወጣ ውሃና ሳሙና ደጃፉ ላይ ስለሌለ ነው። ስለዚህ መልእክቱን ሁለት ጊዜ ላይ ብቻ አሳርፉት፦ ከመጸዳጃ ቤት መልስ (ሕፃን ካጸዳዱ በኋላም ጭምር) እና ምግብ ከመንካት በፊት። የቆሻሻ አወጋገዱን፣ የአጎበሩን፣ የጥርሱን ነገር በዚያው ጉብኝት ላይ አትደርቡ፤ አምስት ነገር የተነገረው ሰው አንዱንም አይዝም።

ለማሳየት አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይትና አንድ ማንኪያ የላመ የከሰል ዱቄት ለውሱ። አንዱ ተማሪ እጁን ይቀባና ሌላውን ይጨብጥ፣ እሱም ሦስተኛውን። ጥቁሩ ከእጅ እጅ ሲሸጋገር ሰው በዓይኑ ያየዋል። ከዚያ የመጀመሪያው በውሃ ብቻ ይታጠብ፤ አይለቅም፣ ዘይቱ ይዞታል። ቀጥሎ በሳሙና 20 ሰከንድ ይሽ። ያን ጊዜም ቢሆን አውራ ጣቱ ሥር፣ ጣቶቹ መሃልና ጥፍሩ ውስጥ ጥቁሩ ይቀራል፤ ጠቅላላው ትምህርት እዚያ ጥፍር ላይ ነው። በጥፍሩ ላይ ሳትነጋገሩ እንዳትሄዱ። ጨባጮቹ ተማሪዎች ይሁኑ፤ የሰው ቤት ልብስ በከሰል ካበላሻችሁ ሁለተኛ በር አይከፈትላችሁም።

ባለ ሚስማር፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ግን ዕቃው ከሌለ ትርኢቱ ትርኢት ሆኖ ይቀራል። በእግር የሚረገጥ መታጠቢያ ሥሩላቸው። የሚያስፈልገው፦ 2 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ባላዎች፣ አንድ ሜትር የሚሆኑ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች፣ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን፣ ገመድ፣ ሚስማር፣ ሳሙና፣ ጠጠር።

ባላዎቹን በ70 ሳንቲ ሜትር ልዩነት 50 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ትከሉ። አንዱን ቀጥ ያለ እንጨት በጀሪካኑ እጀታ ውስጥ አሳልፋችሁ ባላዎቹ ላይ አጋድሙት። ሚስማሩን በእሳት አግላችሁ ከክዳኑ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ አንድ ቀዳዳ አብጁ። ውሃ የሚሞላው እስከ ቀዳዳው ሥር ብቻ ነው። ከጀሪካኑ አንገት ገመድ አውርዳችሁ ከሁለተኛው እንጨት ጫፍ ጋር እሰሩት፤ የታሰረው ጫፍ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል፣ ሌላኛው መሬት ይንካ። ሲረገጥ ጀሪካኑ ይዘነበላል፣ እጅ ምንም ሳይነካ ውሃው ይወርዳል። ሥሩ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 10 የሆነ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ጠጠር ሙሉበት፤ አለበለዚያ በሳምንቱ ጭቃ ይሆንና ማንም አይጠጋውም።

የሚበላሸው የት ነው? ቀዳዳው በጣም ከሰፋ ጀሪካኑ በጥቂት ሰው ያልቃል። ዝቅ ብሎ ከተበሳ ሳይረገጥም ይንጠባጠባል። ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ከተዘጋ አየር ስለማይገባ ውሃው ይቆራረጣል፤ ላላ ይበል። ሳሙናውን በስታችሁ በገመድ አንጠልጥሉት፣ ከላዩ ግማሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ድፉበት፤ ዝናብ ያሟሟዋል። ዋናው ብልሽት ግን እንጨቱም ገመዱም አይደለም፤ የሚሞላው ሰው አለመታወቁ ነው። ከቤቱ አንድ ሰው በስም ተመርጦ «ጠዋት የምሞላው እኔ ነኝ» እስኪል ድረስ አትነሱ። ለቲሸርት ማሳተሚያ የተያዘ ገንዘብ ካለ ጀሪካን ይገዛበት። (ይህን ስል የሚቀየም አስተባባሪ እንደማይጠፋ አውቃለሁ።)

አስተባባሪ፦
ወደ ድልድሉ ልግባ። 600 ቤት አንዴ ከመርገጥ 160 ቤት ሦስት ጊዜ መመለስ ይሻላል። 24 ተማሪ ሁለት ሁለት ሆኖ 12 ጥንድ ነው። አንድ ቤት 15 ደቂቃ ይፈልጋል፤ መንገዱ ሲጨመር አንድ ጥንድ በግማሽ ቀን ከ7 ቤት በላይ በወጉ አያዳርስም። 12 ጥንድ በ7 ሲባዛ 84። 160 ቤት ሦስት ጊዜ 480 ጉብኝት ስለሆነ ስድስት ግማሽ ቀን ይበቃ ነበር። ግን ሲሶው እንደሚቀር አስቡ፤ ፈተና አለ፣ ሕመም አለ። በ8 ጥንድ ስታሰሉት ዘጠኝ ግማሽ ቀን ይሆናል፤ ሰሌዳችሁን በዚህ አውጡ። ግንባታው በዚህ ውስጥ አይደለም፤ ባላ ቆርጦ የሚያዘጋጅ ለብቻው ሌላ ቡድን ይኑር። ያው ጥንድ ወደዚያው ቤት ይመለስ፣ ፊት መለማመድ ግማሽ ሥራ ነው።

ሥልጠናው ንግግር አይሁን። አንድ ሰዓት መታጠቢያውን ይሥሩ፣ ሁለት ሰዓት በር ማንኳኳት ይለማመዱ፤ አንዱ እንግዳ፣ አንዱ የተሰላቸ ባለቤት ሆኖ። ሁልጊዜ የሚታየው ስህተት ከወረቀት ማንበብና የሰውን መጸዳጃ ቤት መተቸት ነው። ከ18 ዓመት በታች ላሉት የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይኑር። ብቻውን የሚሄድ፣ ቤት ውስጥ የሚገባ፣ ሳያስፈቅድ ፎቶ የሚያነሳ እንዳይኖር።

ቁጥር ወዳድ፦
ለመለካት «ትታጠባላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሉም አዎ ይላል፣ ነውር ነዋ። ዘመቻው ከመጀመሩ በፊት ከ160ው በየአራተኛው ቤት 40 ምረጡና ሦስት ነገር በዓይን እዩ፦ መታጠቢያ ቦታ አለ? አሁን ውሃ አለበት? ሳሙና አለ? ሦስቱም ካሉ «አለ»፣ አንዱ ከጎደለ «የለም»፤ ግማሽ ነጥብ የለም። እነዚያኑ ቤቶች ከመጨረሻው ጉብኝት ሁለት ሳምንት፣ ከዚያም ሦስት ወር ቆይታችሁ እዩ። ያስተማረው ተማሪ ያስተማረውን ቤት አይመርምር፣ ያዳላል። ውሃ በበዛበት ወር ጀምራችሁ በደረቁ ወር ከጨረሳችሁ ደግሞ ቁጥሩን ያወረደው የውሃ እጥረት ሊሆን ይችላልና ወራቱን መዝግቡ። ጠጠሩንም ንኩት። ደረቅ ጠጠርና የተሰነጣጠቀ ሳሙና ካያችሁ ዕቃው ለእናንተ ሲባል የተቀመጠ ነው።

ትምህርት ቤት ከገባችሁ ሌላ ርካሽ ዘዴ አለ፤ ከመጸዳጃ ቤቱ እስከ መታጠቢያው የሚወስድ ጥርጊያና በቀለም የተሣለ የእግር ዱካ። በባንግላዴሽ ሁለት የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በዚህ መንገድ በተደረገ ሙከራ ከመጸዳጃ በኋላ በሳሙና የሚታጠቡት ተማሪዎች ከ4 በመቶ ተነስተው ከስድስት ሳምንት በኋላ 74 በመቶ ደርሰዋል፤ ያውም ያለ ምንም ንግግር።

ጠያቂ፦
በጣም አመሰግናለሁ። 160ውን ይዤ ለድርጅቱ አቀርባለሁ። አንድ የቀረኝ፦ መንገድ ዳር ባሉት ግቢዎች የተንጠለጠለ ሳሙና ይሰረቃል ይላሉ። ምን ይደረግ?

ባለ ሚስማር፦
የሳሙና ውሃ። 30 ግራም የልብስ ዱቄት ሳሙና በ1.5 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጉ፣ ክዳኑን በቀጭን ሚስማር ብሱትና በገመድ እሰሩት። ጨመቅ ሲደረግ ጠብ ይላል። ለአንድ እጥበት ትንሽ ይበቃል፣ ሌባም አይፈልገውም። ብቻ ጠርሙሱ ላይ ምን እንደሆነ ጻፉበት፤ ማንበብ ለማይችል ሕፃን ደግሞ እጁ በማይደርስበት ከፍታ አንጠልጥሉት፤ ለስላሳ መጠጥ መስሎት ይጎነጨዋል።